መልስ፦ አንድ ቤዝ ሲጎድል ፕሮቲኑ ለምን ይበላሻል?
አንድ ቤዝ (የዘረመል መልእክት ከሚጻፍባቸው ፊደል መሰል ኬሚካሎች አንዱ) በሌላ ሲተካ ፕሮቲኑ ሳይለወጥ ሊቀር ሲችል፣ አንዱ ሲጎድል ግን ቀሪው ሁሉ የሚበላሸው፣ ፕሮቲን የሚሠራው የሕዋስ ክፍል፣ ራይቦዞም፣ ከዲኤንኤ የተቀዳውን የመልእክተኛ አርኤንኤን ቤዞች ሦስት ሦስት እያደረገ ያለ ክፍተት ስለሚያነብ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ከዚያ ቦታ ጀምሮ ያሉት ኮዶኖች (ባለ ሦስት ቤዝ ምድቦች) በሙሉ በሌላ አከፋፈል ይነበባሉ።

መተካት የሚነካው አንድ ኮዶን ብቻ ነው። ከ64ቱ ኮዶኖች 61ዱ 20 አሚኖ አሲዶችን (የፕሮቲን መገንቢያዎችን) ስለሚወክሉ፣ በተለይ የኮዶኑ ሦስተኛ ቤዝ ሲለወጥ አሚኖ አሲዱ ብዙ ጊዜ ያው ይሆናል። ሦስቱ ቀሪ ኮዶኖች የማቆሚያ ምልክቶች ናቸው፤ የተዛባው ንባብ ከእነርሱ አንዱን ያለጊዜው ካገኘ ፕሮቲኑ አጭር ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ እኔ ተማሪ ሳለሁ ከመጀመሪያው ቤዝ እየቆጠርሁ ደጋግሜ ተሳስቻለሁ። አስቀድመው አዴኒን፣ ዩራሲል፣ ጉዋኒን የሚለውን የመነሻ ኮዶን ይፈልጉ፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከእርሱ ነው።