መልስ፦ ቶዮታ ስታርሌት ጂቲ ቱርቦ መኪናዬ ሰማያዊ ጭስ እያወጣ ትልቅ ቱርቦ ልግጠምለት?

ወንድሜ፣ ትልቁን ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን) ለጊዜው እርሳው። ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት እየተቃጠለ ነው። ከየት እንደሚገባ ሳታውቅ ብር አታውጣ።

መጀመሪያ ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የቱርቦውን አየር ማቀዝቀዣ) የሚሄደውን ቱቦ ፍታና ውስጡን በጣትህ ጥረግ። ስስ ቅባት ቢኖር አያሳስብም። ዘይት ከተንጠባጠበ ግን የቱርቦውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዘህ ወዝውዘው። በጎን ትንሽ መነቃነቅ ያለ ነው። ዘንጉ ላይ ያለው ምላጭ የቱርቦውን ግድግዳ ከነካ ግን አለቀለት።

ቱርቦው ደህና ነው? እንግዲያው የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ለካ። ዝቅ ባለው ላይ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርገህ ድገመው። ንባቡ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ካልተለወጠ ወደ ቫልቩ ወይ ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተመልከት።

ሞተሩን ካወረድከው ሲሊንደሩን ሳታስለካ ፋሻ ብቻ ቀይረህ እንዳትገጥም። እኔ አንዴ ቸኩዬ እንደዛ አድርጌ፣ ያንኑ ሞተር ሁለተኛ አውርጄዋለሁ።

1331 ሲሲ ሆኖ ከፋብሪካው 135 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣ ሞተር ነው፤ ለሚጢጢ መኪና ቀላል አይደለም። ማሻሻሉን ከማቀዝቀዣውና ከነዳጅ ፓምፑ ጀምር። የቱርቦውን ግፊት ጨምረህ ነዳጁ ካነሰ ፒስተኑን ታቀልጠዋለህ።

የኮምፕሬሽኑን ቁጥር ስታገኝ እዚሁ ጻፍልኝ።