ለኢንተርቪው የሚሆን የጊዜ እንግሊዝኛ

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ እንደተመረቅኩ እናቴን ሳስታምም ስምንት ወር ቤት ዋልኩ። ከዚያ አዳማ አንድ የግል ድርጅት ገባሁ፤ ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ አሁንም እዚያው ነኝ። ዋና ቢሮው ናይሮቢ የሆነ ኤንጂኦ በዙም ለኢንተርቪው ጠርቶኛል። እንግሊዝኛ ይገባኛል። ግን ስንት ጊዜ ሠራሽ፣ መቼ ትጀምሪያለሽ ስባል አፌ ይተሳሰራል። ምን ላጥና?

መልስ፦ እህቴ፣ የሰዋስው መጽሐፉን ዝጊው። የሚጠይቁሽ የጊዜ ጥያቄ አራት አምስት ቢሆን ነው። መልሱም የራስሽ ታሪክ ነው። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ሳይሆን አብሮት ከሚሄደው ቃል ጋር፣ በራስሽ ዓመትና ወር አጥኚው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው የመጀመሪያው፣ «ስንት ጊዜ ሠራሽ?» የሚለው ላይ ነው። በአማርኛ «ከሦስት ዓመት ጀምሮ እየሠራሁ ነው» እንላለን። እሱን ይዘን «አይ አም ወርኪንግ ሂር ሲንስ ስሪ ይርስ» እንላለን፤ አይሆንም። የቆየሽበትን ርዝመት ስትናገሪ «ፎር»፣ የጀመርሽበትን ቀን ስትናገሪ «ሲንስ» ነው። «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» በይ። ወይም «ሲንስ ኦክቶበር 2022»። «ሃቭ ቢን» አሁንም እዚያው እንዳለሽ ይነግራቸዋል። «አይ ወርክድ» ካልሽ ግን የለቀቅሽ ይመስላቸዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ለምን ለቀቅሽ?» ነው።

2022 ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ጥቅምት 2015 ከገባሽ በፈረንጅ ኦክቶበር 2022 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ትደምሪያለሽ፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ደግሞ 8። ሲቪሽ ላይ 2015 ብለሽ ከተውሽው ናይሮቢ ያለው ሰው የአሥር ዓመት ልምድ ያለሽ ይመስለዋል። ዲግሪሽ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ሳትመረቂ የተቀጠርሽ ትሆኛለሽ! እንዲህ ያለ ሲቪ ብዙ ጊዜ እጄ ይገባል፤ ልምዱ እውነት ሆኖ ሳለ ውሸት ያስመስለዋል። ዛሬውኑ አስተካክዪው።

ስለ ስምንቱ ወር አትሸማቀቂ። «ጊዜ አሳለፍኩ» የሚለውን «ፓስ» እያልሽ አትተርጉሚው። «አይ ስፔንት ኤይት ማንዝስ ኬሪንግ ፎር ማይ ማዘር» በቂ ነው። ከ«ስፔንት» በኋላ የጊዜው ርዝመት፣ ከዚያ «ኢንግ» ያለው ግስ። በዚህ ዝም በይ። ሰበብ መደርደር ስትጀምሪ ነው ሰው የሚጠራጠረው።

«መቼ ትጀምሪያለሽ?» ሲሉሽ ከጉጉት የተነሳ «ኢሚዲየትሊ» እንዳትይ። ሥራ ላይ ነሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ «አይ ኒድ ቱ ጊቭ ሰርቲ ዴይስ ኖቲስ» በይ። እንዲህ ስትይ ነገ እነሱንም ድንገት ጥላ አትሄድም ብለው ያስባሉ። እነሱ «ፕሮቤሽን ፒሪየድ» ካሉ የሙከራ ጊዜ ማለታቸው ነው፤ በዚሁ አዋጅ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም።

አንድ ትንሽ ነገር፦ «ስሪ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» ትያለሽ፣ ግን «ኤ ስሪ ይር ኮንትራክት»። ስም ፊት ሲገባ «ስ»ዋ ትወድቃለች።

አካውንታንት ስለሆንሽ ሪፖርት መቼ እንደምታደርሺ መጠየቅሽ አይቀርም። እዚህ ላይ አማርኛችን ወጥመድ አለው። «እስከ ዓርብ እልካለሁ» ስንል ዓርብ ሳያልፍ ይደርሳል ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ ይሄ «ባይ ፍራይደይ» ነው። «አንቲል ፍራይደይ» ካልሽ እስከ ዓርብ ድረስ ሳታቋርጪ ስትልኪ ልትከርሚ ነው። «አንቲል» ለሚቀጥል ነገር ነው፦ «አይ አም ኢን ዚ ኦፊስ አንቲል ፋይቭ»። የተጠየቅሽውን ቀን ጠብቀሽ የምታደርሺ ከሆነ «ኦን ታይም» በይ። «ኢን ታይም» ሳይረፍድ፣ ለነገሩ በሚበቃ ሰዓት ማለት ነው።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?» የሚሏት ጥያቄ አትቀርም። «ኢን ፋይቭ ይርስ» ብለሽ ጀምሪ፤ «አፍተር» አያስፈልግም። መልሱን አጭር አድርጊው፣ እነሱም ብዙ አይጠብቁም።

አሁን ሁሉንም በራስሽ ወርና ዓመት ሙዪና ስልክሽ ላይ ቅጂው። ጽፎ ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ አፍሽ ይልመደው። ስታዳምጪው የምትደናቀፊበት ቦታ ራሱ ይነግርሻል። እሱን ብቻ ደጋግሚው።

ቀጠሮውንም አረጋግጪ። ናይሮቢና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ላይ ናቸው፤ ልዩነት የለም። ኬንያውያንም በስዋሂሊ እንደኛው ነው ሰዓት የሚቆጥሩት፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን ዘጠኝ ካሉ የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። «ናይን ኤ ኤም ኢስት አፍሪካ ታይም፣ ኮሬክት?» ብለሽ ኢሜይል ላኪላቸው።