አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዝታችሁ ለማደስ ለምታስቡ

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት የፋይበርግላስ (በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ) ጀልባ በመጠገንና ለገዢዎች በመመርመር ነው። አሮጌ የሸራ ጀልባ በርካሽ ገዝቶ ማደስ የሚፈልግ ወጣት ምክር ሲጠይቀኝ፣ ውሃ ውስጥ ከሚቀመጠው አካል ይልቅ የሚረግጠውን የላይኛውን ወለል እንዲፈራ እነግረዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1959 በኒውዮርክ የጀልባ ትርኢት የቀረበው ፒርሰን ትራይተን የተባለው የሸራ ጀልባ በተሠራበት ዘመን ፋይበርግላስ ገና አዲስ ስለነበር፣ ሠሪዎቹ አካሉን አወፍረው ይሠሩት ነበር፤ ከዚያ ዘመን ጀልባዎች ዛሬም በባሕር ላይ ያሉ አሉ። ከውሃ በታች ያለው ገጽ ውሃ የቋጠረ እብጠት አውጥቶ ብታገኙት አትደንግጡ። ውሃ በውጫዊው ሽፋን ቀስ ብሎ ሰርጎ የመስታወት ክሩን በሚያጣብቀው ፖሊስተር ውስጥ ከቀሩ ኬሚካሎች ጋር ሲቀላቀል የሚፈጠር ነው፤ ሲወጋ የሚፈሰው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። መልኩ ያስጠላል እንጂ በዚህ ምክንያት የሰጠመ ጀልባ አላየሁም።

የላይኛው ወለል ግን በብዙዎቹ ጀልባዎች ላይ በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት የተቀበረበት ነው። በቡሎኖቹ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲያረጅ ውሃ ይገባና እንጨቱን ያበሰብሰዋል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ጀልባዬ ተታልያለሁ። አዲስ ቀለሙንና የመኝታውን ጨርቅ አይቼ ከፈልኩ፤ በሳምንቱ ምሰሶውን ወጥሮ ከሚይዘው ሽቦ ሥር አንዱን ዳዶ ስፈታ ሻይ የመሰለ ውሃ እጄ ላይ ተንጠባጠበ፤ በቀዳዳው የከተትኩት ካቻቢቴም ሊጥ ውስጥ እንደገባ ያህል ሰመጠ።

ጥገናው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ምሥጢር የለውም። የላይኛው ንጣፍ ይቆረጣል፣ የበሰበሰው ተፍቆ ይወጣል፣ በደንብ ይደርቃል፣ አዲስ እንጨት በኢፖክሲ፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ፣ ይጣበቃል። ንጣፉን መልሳችሁ ስታያይዙ ጠርዙን ከውፍረቱ 12 እጥፍ በሆነ ስፋት ቀስ በቀስ እየሳሳ እንዲሄድ አድርጋችሁ ፋቁት፤ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው 36 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ማጠንከሪያውን ቢያበዙት ኢፖክሲው ቶሎ የሚደርቅ የሚመስላቸው አሉ፤ ልኩ ከተዛባ ጭራሹን ሳይጠነክር ይቀራል። የቡሎኑን ቀዳዳ በትራፓኖ አስፍታችሁ በኢፖክሲ ከሞላችሁ በኋላ በልኩ እንደገና ብትበሱት፣ ማሸጊያው ሌላ ጊዜ ቢያረጅ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። ስትፍቁ ደግሞ የአቧራ ጭንብል አድርጉ፤ እኔ በወጣትነቴ ንቄው ዛሬ ሳል አለቅ ብሎኛል።

ስለ ሞተሩና ስለ ሸራው ብዙ አልልም፤ ሁለቱም መለወጥ ካለባቸው ወጪው ከጀልባው ዋጋ ሊበልጥ እንደሚችል ብቻ አስቡ። የምሰሶው ሽቦዎች መቼ እንደተለወጡ ሻጩ በማስረጃ ካላሳያችሁ ግን እንደሚለወጡ ቆጥራችሁ ተደራደሩ። የማይዝግ የሚባለው ብረትም አየር በማያገኝበት እርጥብ ቦታ ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ ላዩ እያበራ ይበጠሳል።

ጀልባውን ለማየት ዝናብ በዘነበ ማግስት ሂዱ። ፍራሹን አንሥታችሁ የጣሪያውን ጥግ በእጃችሁ ዳብሱ፤ ከዚያም ወለሉን በፕላስቲክ መዶሻ በየመዳፉ ርቀት አንኳኩ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ደግሞ እንደ እርጥብ ካርቶን ድፍን ይላል። ሻጩ ቡሎን አላስፈታም ቢላችሁ እውነት አለው፤ ማንኳኳትም ከከለከለ ግን መዶሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።