የማክቡክ ፊደል ሲደጋገም

ጥያቄ፦ የ2017 ማክቡክ ፕሮ አንዳንድ ፊደል ሁለቴ ቢጽፍ ወይም ጭራሽ ቢዘል፣ ኪቦርዱ ብቻውን ይቀየራል?

መልስ፦ ይቀየራል፤ ግን በቀላሉ አይደለም። መጀመሪያ የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክተው ይሞክሩ። በእሱም ፊደሉ ከተደጋገመ ኪቦርዱን አይንኩት፤ ችግሩ ከሶፍትዌር ነው። ካልተደጋገመ ጥፋተኛው ምናልባት ብናኝ ነው። አፕል በ2015 የጀመረው «ቢራቢሮ» ኪቦርድ በጣም ስስ ስለሆነ፣ ከሥሩ የገባች ቅንጣት ቁልፉን ታግደዋለች።

ላፕቶፑን 75 ዲግሪ ያህል አቁመው የታመቀ አየር ከግራ ወደ ቀኝ ይንፉ። በቀኝና በግራ ጎኑ አዙረውም ይድገሙት። የአየሩ ጣሳ ግን አይገልበጥ፤ ፈሳሽ ይተፋል። ቁልፉን በቢላዋ መፈንቀል ደግሞ ለባሰ ወጪ ይዳርጋል፤ መያዣዎቹ፣ በተለይ የስፔሱ፣ ቶሎ ይሰበራሉ።

አየሩ ካልረዳ መቀየር ነው። ኪቦርዱ ከላይኛው ቅርፊት ጋር የተያያዘው በብሎን ሳይሆን በሪቬት (ተቀጥቅጦ በሚያዝ ትንሽ ሚስማር) ነው፤ ባትሪውም እዚያው በሙጫ ተጣብቋል። ስለዚህ አምራቹ ሦስቱን በአንድነት ይቀይራል፤ ዋጋው የሚንረውም ለዚህ ነው። ጎበዝ ጠጋኝ ማዘርቦርዱን አውጥቶ፣ ሪቬቶቹን ነቅሎ፣ አዲሱን ኪቦርድ በጥቃቅን ብሎኖች ሊያስር ይችላል። ባትሪው እንዳይወጋ ይጠንቀቅ፤ ሊቃጠል ይችላል። ዕቃውን ሲገዙ ከላፕቶፑ የታችኛው ገጽ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር፣ እንዲሁም የሞዴሉን ዓመት፣ ሁለቱንም ያመሳክሩ።

አፕል በ2018 የጀመረው ነፃ ጥገና ከመጀመሪያው ሽያጭ በኋላ ለ4 ዓመት ብቻ ስለነበር፣ ለ2017ቱ አብቅቷል። ያገለገለ ለሚገዛ ሰው የ2019ኙ ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ወይም የ2020ው ባለ 13 ኢንች ይሻላል፤ ቢራቢሮው የለባቸውም።