ኮምፕልመንት ሴል ገዳይ ነው ወይስ አሳዳጊ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የላብራቶሪ ተማሪ ነኝ። ፕራክቲካል ላይ ሴረሙን (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረውን ፈሳሽ) ውሃ ባዝ ውስጥ 56 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ አሙቁት ተባልን፣ ለምን ስንል ኮምፕልመንቱ ሴሎቹን እንዳይገድልብን ነው አሉን። በኋላ ግን ኮምፕልመንት ሴል እንዲያድግ ያደርጋል የሚል አነበብኩና ግራ ገባኝ፣ የቱ ነው ልኩ?

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ነው፣ ግራ ቢገባሽም አይፈረድብሽም ምክንያቱም እኛም ስንማር የተነገረን የግድያው ወሬ ብቻ ነበር። ኮምፕልመንት ደም ውስጥ ያሉ ከ30 በላይ ፕሮቲኖች ናቸው፣ አብዛኞቹን የሚሰራው ጉበት ነው፣ ባክቴሪያ ሲያገኙ አንዱ አንዱን እየቀሰቀሰ ይሄድና መጨረሻ ላይ ከፕሮቲኖቹ ከሲ5ቢ እስከ ሲ9 ያሉት ተሰብስበው የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሱታል፣ ውሃ ይገባበትና ይፈነዳል።

የኛ ሴል ላይ ቢያርፍስ? ሲዲ59 የሚባል ጠባቂ አለው፣ ቀዳዳው ተሰርቶ እንዳያልቅ ያግደዋል። አንድ ሁለት ቢያመልጠው እንኳን ሴሉ ዝም ብሎ አይሞትም፣ በቀዳዳው ካልሲየም ሲገባበት ይነቃና የተበሳውን የሽፋን ቁራጭ እንደ ትንሽ አረፋ ቆርጦ ወደ ውጭ ይጥለዋል፣ እኔ ይሄን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል! ያው ካልሲየም ደግሞ ውስጥ ገብቶ አትሙት፣ ተባዛ የሚሉ ሲግናሎችን ያስነሳል። የነርቭ ሽፋን የሚሰሩት ኦሊጎዴንድሮሳይቶች ላይ በላብራቶሪ ሲታይ ቀዳዳው ጥቂት ከሆነ ከአፖፕቶሲስ (ሴል ራሱን በራሱ ከሚገድልበት ሞት) ያድናቸዋል፣ ሲበዛ ግን ያው ይገድላል፣ ስለዚህ ነገሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው።

ጉበት ላይ ደግሞ ቀዳዳ ሳያስፈልግም ይሰራል። የአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ሲወጣ ጤነኛዋ በሳምንት ገደማ መልሳ ታበቅለዋለች፣ ሲ3 ወይም ሲ5 የሚባሉት የኮምፕልመንት ፕሮቲኖች የሌሏት ግን ጉበቷ ቶሎ አይመለስላትም፣ ይጎዳልም፣ ምክንያቱም ከነሱ የሚቆረጡት ሲ3ኤና ሲ5ኤ የሚባሉት ቁራጮች ናቸው የጉበት ሴሎቹን ለመከፋፈል የሚያዘጋጁት። ካንሰርም ቅድም ያልነውን ጠባቂ ለራሱ ይጠቀምበታል፣ ብዙ ካንሰሮች ሲዲ59ን አብዝተው ስለሚለብሱ ኮምፕልመንቱ በቀላሉ አይገድላቸውም። ተቃራኒው ፒኤንኤች የሚባለው በሽታ ነው፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ሲዲ59 ስለሌላቸው በገዛ ኮምፕልመንታቸው ይፈነዳሉ፣ ሰውየው ጠዋት ሲነሳ ሽንቱ ኮካ ኮላ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ የፈቀደችው ኤኩሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ሲ5ን ይዞ ይሄን ያቆምለታል፣ ግን ማጅራት ገትርን የሚከላከለውም ያው ሲ5 ስለሆነ መጀመሪያ መከተብ አለበት።

ወደ ውሃ ባዝሽ ስመለስ፣ ሴረሙን ስታሞቂ የምታጠፊው ገዳዩን ብቻ አይደለም፣ የማሳደጉንም ስራ አብረሽ ነው የምታጠፊው፣ ስለዚህ ሴል ባሳደግሽ ቁጥር ሴረሙ የሞቀ ነው ወይስ ያልሞቀ የሚለውን ደብተርሽ ላይ ጻፊው እሺ፣ ውጤትሽን ሊቀይረው ይችላል።