ከ640 ኪሎባይት ጋር ግብግብ፦ ስለ ኮንፊግ.ሲስና ኦቶኤግዜክ.ባት ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ከዊንዶውስ 95 በፊት ፒሲ ይነሣበት ስለነበረው ስለ ኤምኤስ ዶስ 5 እና 6 ሜሞሪ፣ ማሽኑ ሲነሣ ስለሚያነባቸው ሁለት የትእዛዝ ፋይሎችም (ኮንፊግ.ሲስና ኦቶኤግዜክ.ባት) የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ግን ሦስት ነገር አብራችሁ ጻፉ፦ የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ የዶሱን ቁጥር፣ «ሜም /ሲ» (ሜሞሪው በምን እንደተያዘ የሚያሳይ ትእዛዝ) ስትሉ የሚወጣውን። ፋይሎቹን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ በ«ፎርማት ኤ: /ኤስ» ማስነሻ ፍሎፒ ሥሩና ሁለቱንም በሌላ ስም ቅዱበት። በራሳቸው ስም ከቀዳችኋቸው ፍሎፒውም ያንኑ ስህተት ይዞ ይነሣል። ትእዛዞቹን በእኛ ፊደል ጻፍኳቸው እንጂ ማሽኑ ላይ በላቲን ነው የሚገቡት።

ጥያቄ፦ 486፣ ዶስ 6.22፣ 16 ሜጋባይት ራም። ጌሙ 600 ኪሎባይት ነጻ ሜሞሪ ይፈልጋል፤ ሜም የሚያሳየኝ ግን 547 ነው። 16 ሜጋው የት ገባ?

መልስ፦ የትም አልገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ነው። 8088 ፕሮሰሰር ከ1 ሜጋባይት በላይ አያይም ነበር። አይቢኤም በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ የታችኛውን 640 ለፕሮግራም፣ የላይኛውን 384 ለስክሪን፣ ለካርዶችና ማሽኑን ለሚያስነሣው ፕሮግራም ለባዮስ ከፈለው። ዶስ እስከ መጨረሻው እዚያው ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ሥራህ ራም መጨመር ሳይሆን ታች የተኮለኮሉትን ድራይቨሮች (ማውዝ፣ ሲዲና የመሳሰሉትን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞች) በላይኛው 384 ውስጥ ባሉት ክፍተቶች ማስቀመጥ ነው። ኮንፊግ.ሲስህ በዚህ ይጀምር፦

ዲቫይስ=ሲ:\ዶስ\ሃይሜም.ሲስ
ዲቫይስ=ሲ:\ዶስ\ኢኤምኤም386.ኤግዚ ኖኢኤምኤስ
ዶስ=ሃይ,ዩኤምቢ
ፋይልስ=30
በፈርስ=20
ላስትድራይቭ=ኤፍ

ሃይሜም ከ1 ሜጋባይት በላይ ያለውን ሜሞሪ ይከፍታል፤ ኢኤምኤም386 ላይኛው 384 ውስጥ ያሉትን ክፍተቶች (ዩኤምቢ) ያዘጋጃል። ሃይሜም መቅደም አለበት፤ ከተገለበጠ ሁለተኛው አይጫንም። «ሃይ» የዶስን አብዛኛውን አካል ልክ ከ1 ሜጋባይት በላይ ወዳለችው 64 ኪሎባይት ይወስደዋል፤ ከዚህ ብቻ ወደ 45 ኪሎባይት ታተርፋለህ። በፈሮቹም (የዲስክ መረጃ ማቆያዎቹ) አብረው ይሄዳሉ፤ ቁጥሩን ካበዛህባቸው ግን ስለማይበቃቸው ወደ ታች ይመለሳሉ። ከዚያ የሲዲ ሮሙን ድራይቨር በ«ዲቫይስሃይ»፣ ኦቶኤግዜክ ውስጥ ያሉትን ማውዝና ኤምኤስሲዲኤክስን (ሲዲውን እንደ ድራይቭ የሚያሳየውን) በ«ኤልኤች» ጫናቸው። በሲዲ ድራይቨሩና በኤምኤስሲዲኤክስ መስመር ላይ ከ«/ዲ:» ቀጥሎ ያለው ስም በሁለቱም ፋይሎች አንድ ዓይነት ካልሆነ ሲዲው አይታይም። ስማርትድራይቭ (ከዲስክ የተነበበውን ሜሞሪ ላይ የሚያቆይ፣ ማለትም ካሽ የሚያደርግ ፕሮግራም) ከኤምኤስሲዲኤክስ በኋላ ይግባ፤ ከቀደመ ሲዲውን ካሽ አያደርግልህም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሜምሜከር (የዶስ 6 ሜሞሪ አደላዳይ ፕሮግራም) ይህን ሁሉ በራሱ ይሠራ የለ? ለምን በእጅ እንደክማለን?

መልስ፦ ይሠራል፤ ችግሩ የሚመጣው ከሠራ በኋላ ነው። ፋይሉን ከፍተህ እየው፦ «ዲቫይስሃይ /ኤል:1,12048 =» የሚል ትቶልሃል። 1 የክፍተቱ ተራ ነው፤ 12048 እዚያ ቢያንስ መኖር ያለበት ባይት። በወሩ አዲስ የድምፅ ካርድ ድራይቨር ከላይ ስትጨምር ክፍተቶቹ ይለወጣሉ፤ ቁጥሮቹ ግን የአምናዎቹ ናቸው።

ዋናው ቁም ነገር ቅደም ተከተል ነው። አንድ ድራይቨር ሲጫን የሚፈልገውና ከተጫነ በኋላ ይዞት የሚቀረው ቦታ ይለያያል። ሲጫን 40 ኪሎባይት ፈልጎ፣ ተደላድሎ ሲቀመጥ 16 ብቻ የሚይዝ አለ እንበል። የ96 ኪሎባይት ክፍተት ላይ መጀመሪያ ከገባ 80 ይተርፍሃል። መጨረሻ ላይ፣ 38 ብቻ ሲቀር ከመጣ ግን አይገባም፤ ዶስ ደግሞ ምንም ሳይል ታች ያስቀምጠዋል። «ዲቫይስሃይ ብዬ ጽፌ እንኳ አልወጣም» የምትሉት ይኸው ነው። ሲጫን ብዙ የሚፈልገውን አስቀድሙ፤ አንድ መስመር ቀይሩ፣ ማሽኑን አስነሡ፣ ሜም /ሲ እዩ። ሦስት መስመር ባንዴ የቀየረ ሰው የቱ እንዳበላሸበት አያውቅም።

ጥያቄ፦ ኖኢኤምኤስ ስል አንድ የቆየ ፕሮግራም ኤክስፓንድድ ሜሞሪ የለም ይለኛል።

መልስ፦ ኖኢኤምኤስ ማለት «ኤክስፓንድድ ሜሞሪ (ኢኤምኤስ)፣ የቆዩ ፕሮግራሞች በመስኮት የሚያዩትን ተጨማሪ ሜሞሪ፣ አታዘጋጅ» ነው፤ በ«ራም» ተካው። ዋጋ አለው። ከሲ800 እስከ ኢኤፍኤፍኤፍ (ላይኛው 384 ውስጥ ያሉ አድራሻዎች ናቸው) ምንም ካርድ ከሌለ 160 ኪሎባይት ነው፤ የኢኤምኤስ መስኮት 64ቱን ወስዶ 96 ይተውልሃል። ዶስ 6 ካለህ ኮንፊግ.ሲስ ውስጥ ሜኑ ሠርተህ ሁለቱንም አስቀምጥና ሲነሣ ምረጥ።

አንድ አባል፦ ቦታ ለጠበበው ኢኤምኤም386 መስመር ላይ «አይ=ቢ000-ቢ7ኤፍኤፍ» ጨምሩ። የጥቁርና ነጭ ስክሪን ቦታ ነው፤ በከለር ቪጂኤ ሥራ ፈት ነው። 32 ኪሎባይት በነጻ!

ሌላ አባል፦ በነጻ አትበል። ዊንዶውስ 3.1 በ386 ሞድ አልነሣ ይላል።

አንድ አባል፦ ዊንዶውስን ማን አነሣ? እያወራን ያለነው ስለ ጌም ነው።

ሌላ አባል፦ ሰው አንዱን ማሽን ለሁለቱም ነው የሚጠቀምበት። የዊንዶውስ ማዋቀሪያ ሲስተም.ኢኒ ውስጥ ሞኖዩኤምቢ.386ን ሳያስገባ መስመሩን ቀድቶ ነገ እዚሁ ሊያለቅስ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ በቃ። ዊንዶውስ ያለው ሰው ፋይሉን ዶስ ማውጫ ውስጥ ያገኘዋል። አንዳንድ የቪጂኤ ካርድ ራሱ ያቺን ቦታ ይነካታል፤ ስክሪኑ ከተዘበራረቀ መስመሩን አውጡ። ፍሎፒ ሥሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የኔትወርክ ካርድ ካስገባሁ ወዲህ ኢኤምኤም386 ሲጫን ማሽኑ ቀጥ ይላል። ዶስ 5 ነው።

መልስ፦ የካርዱ ሜሞሪ ያለበትን አድራሻ ኢኤምኤም386 ያዘውና ተጋጩ። አድራሻውን ከካርዱ ጃምፐር (ካርዱ ላይ ያለች ትንሽ መሰኪያ) ወይም ማዋቀሪያ እይ። ዲ000 ላይ 16 ኪሎባይት ከሆነ ኢኤምኤም386 መስመር ላይ «ኤክስ=ዲ000-ዲ3ኤፍኤፍ» (እዚህ አትግባ ማለት ነው) በል። ዶስ 6 ቢሆን ኤፍ5 ሁለቱንም ፋይሎች ያዘልልህ፣ ኤፍ8 መስመር በመስመር ያስጠይቅህ ነበር። 5 ላይ የሉም፤ ያለ ፍሎፒ አትገባም። ስንተኛ ጊዜዬ ነው?

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ 8 ሜጋባይት አለኝ፤ ሜሞሪ አይበቃም ይላል።

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ጥያቄ፦ ለ286ስ?

መልስ፦ ኢኤምኤም386 ስሙ ላይ እንዳለው 386 ይፈልጋል። ሃይሜምና «ዶስ=ሃይ» ይሠሩልሃል፤ በዚያ ተብቃቃ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ፊደል የሚያወጣ ነዋሪ (ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጦ የሚቆይ) ፕሮግራም በኤልኤች ጭኛለሁ። ከአንድ ግራፊክስ ፕሮግራም ስወጣ ፊደሉ ምልክት በምልክት ይሆናል። ሜሞሪ አንሶት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ነው፤ እያንዳንዱ በ8 በ16 ነጥብ ሲሳል 16 ባይት፣ በድምሩ 4 ኪሎባይት አይሞላም። ቅርጾቹ የሚጫኑት ቪጂኤ ካርዱ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲወጣ ስክሪኑን ወደ ጽሑፍ ሲመልስ ካርዱ የራሱን ፊደል ከሮሙ መልሶ ይጭናል። ፊደል መጫኛውን ደግመሽ አስነሺው፤ ወይም ያንን ፕሮግራም አስጀምሮ ሲያልቅ ፊደሉን የሚመልስ ሁለት መስመር ባት ፋይል ጻፊ። ቪጂኤ 256 ቅርጽ ይይዛል፤ ላቲኑንም ሙሉ ከፈለግሽ 512 ይቻላል፣ ግን የፊደል ቀለም ከ16 ወደ 8 ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ነው፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፕሮሰሰር? የዶስ ቁጥር? ሜም /ሲ?

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 95 ነው።

መልስ፦ እሱ ሃይሜምን ራሱ ይጭናል። ሌላው ጥያቄህ ለሌላ ቀን።