መልስ፦ የአያቴን ባለ «10» ጠመንጃ ይዤ ዝይ ላድንበት?

ወንድሜ፣ አፈሙዙ ሥር የተቀረጸው 10 ሚሊ ሜትር አይደለም። በድሮው የእንግሊዝ አለካክ ከ1 ፓውንድ እርሳስ፣ ማለትም ከ454 ግራም ገደማ፣ እኩል 10 ድቡልቡል ጥይት ቢወጣ የአንዱ ስፋት የአፈሙዙ ስፋት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል፦ 12 ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ 10 ወደ 19.7፣ 8 ደግሞ 21 ያልፋል።

«5 ኪሎ ይመዝናል» ብለህ አትማረርበት፤ የሰደፉን ምት የሚያበርድልህ ክብደቱ ነው። ግን ጣና ሐይቅ ላይ የዘጌን ዳር ጭቃ እየረገጥክ ስትውል ልጅ አዝሎ እንደመሄድ ነው። ታንኳ ላይ ቆሜ ልተኩስ ያልከውንማ ተወው፣ ዝይዋ ሳትወድቅ አንተ ትወድቃለህ።

ዋናው ግን ይህ ነው። አፈሙዙን ወልውለህ ፀሐይ ላይ እየው። እንደ ጥብጣብ የተጠማዘዘ መስመር ካለው፣ ብረትና አረብ ብረት ተጠቅልሎ የተበየደ፣ በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ነው። ያሁኑ ጥይት ግፊት ሊተረትረው ይችላል፣ ያውም ግራ እጅህ ባረፈበት በኩል። አታጉርሰው!

ለመሣሪያውም ለአደኑም ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ጣና ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ቦታ ነው። እኔ ብሆን ዘይት ቀብቼ አስቀምጠው ነበር።